ማሰሪያው ሳይደርስ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

የቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ዓላማ ምንድን ነው ቢባል «ማሳወቅ፣ ማስተማር፣ ማዝናናት» ለማለት ማንም አያቅተውም። ዛሬ ይህን ልለፈውና በቀጥታ የተቀረጸው ተቆርጦ ወደሚቀናበርበት ወደ ሞንታዥ ክፍሉ ልግባ። ታማኝነታችን የሚፈተነው እዚያ ነውና።

የተለመደ የዜና ዘገባ 90 ሰከንድ ገደማ ነው እንበል። ሦስት ሰዎች 12፣ 12 ሰከንድ ከተናገሩ 36ቱ ሄደ። በቀረው 54 ሰከንድ ጋዜጠኛው የጉዳዩን መነሻ፣ የደረሰውን ነገር፣ የሚቃወመውን ወገን ሐሳብ ሁሉ ማስገባት አለበት። 20 ደቂቃ ተቀርጾ 12 ሰከንድ የተላለፈለት ሰው ደግሞ ከተናገረው ከመቶ አንዱ ብቻ አየር ላይ ዋለለት።

አንድ ባለሙያ «ውሃው ለመጠጥ ይሆናል፤ ግን ማጣሪያው ሲጠገን ነው» አለ እንበል። ቆረጣው «ይሆናል» ላይ ካረፈ ሰውየውን በገዛ አንደበቱ አስዋሸነው። የተቆረጠው ቦታ ላይ ምስሉ ስለሚዘል የጠያቂውን ፊት ወይም የተናጋሪውን እጅ ደርበን እንሸፍነዋለን። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ነውርም የለበትም። የጠያቂው ራስ መነቅነቅ ቃለ ምልልሱ ካበቃ በኋላ ለብቻው የተቀረጸ ከሆነ ግን ተመልካቹ የሚያየው ጠያቂው መልሱን ሲሰማ ያላሳየውን ስሜት ነው።

መድኃኒቱ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ሞንታዡ ሲያልቅ ወደ ዋናው ቅጂ ተመልሶ ከተመረጠው ንግግር በፊት ያለውን 30 ሰከንድ፣ ከኋላውም ያለውን 30 ሰከንድ መስማት ነው። የሚሰማው ሰው ቆራጩ ራሱ ባይሆን ይመረጣል፤ የቆረጠ ሰው ጆሮው የሚሰማው የፈለገውን ነው። «የማኅደር ምስል» የሚለው ጽሑፍም ምስሉ እስኪያልቅ ይቆይ። 3 ሰከንድ ታይቶ ከጠፋ፣ ዘግይቶ ቴሌቪዥኑን የከፈተ ሰው ያለፈውን ዓመት ጎርፍ የዛሬ አድርጎ ይወስደዋል።

በቀጥታ ስርጭት ጊዜ ደግሞ ቆራጩ ጥድፊያ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጤና መድን ሕጉ ላይ ውሳኔ ሲሰጥ፣ ሲኤንኤንና ፎክስ ኒውስ ሕጉ በዜጎች ላይ የጣለው መድን የመግዛት ግዴታ ውድቅ ሆነ ብለው አወጁ። የውሳኔው የመጀመሪያ ክፍል ግዴታው ምክር ቤቱ ንግድን ለመቆጣጠር ባለው ሥልጣን አይጸናም ይል ነበር፤ ቀጥሎ ግን ግብር ለመጣል ባለው ሥልጣን አጽንቶታል። የጽሑፉን ማሰሪያ ሳይደርሱ ተናገሩ። እንደ እኛ ግሱ መጨረሻ ላይ በሚመጣበት ቋንቋ ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩ ማስጠንቀቂያ ሊሆነው ይገባል።

በ2000ው የአሜሪካ ምርጫ ሌሊት የሆነው ከዚህ ይከፋል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች በፍሎሪዳ ግዛት ያሸነፈው ዕጩው አል ጎር ነው ብለው ግዛቱን ለእሱ ሰጡ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው አነሱት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለተፎካካሪው ለጆርጅ ቡሽ ሰጡ፤ ሊነጋጋ ሲል ያንንም አነሱት። ጣቢያዎቹ ብዙ ቢሆኑም መራጮች ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ የሚሞሉት መጠይቅና የቆጠራው አኃዝ በዋናነት የሚመጣላቸው በጋራ ካቋቋሙት አንድ አገልግሎት ነበር። የራሱን ቆጠራ ይሰበስብ የነበረው የዜና ወኪል አሶሽየትድ ፕሬስ ለቡሽ የተሰጠውን ድል አላወጀም። ስለዚህ «በሁለት ምንጭ ተረጋግጧል» የሚል ዘጋቢ ሲመጣ አርታኢው ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ሁለቱ ምንጮች ራሳቸው ከማን ሰሙ? መልሱ አንድ ሰው ላይ ከገጠመ በእጃችን ያለው አንድ ምንጭ ነው።

ስለ ገንዘብ ጫና ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማስታወቂያ ክፍል ሰው በዜና ስብሰባ ላይ አይቀመጥ። ስፖንሰር የከፈለበት ዝግጅት ስፖንሰሩን በስክሪን ላይ ይናገር። (የበጀት ኃላፊዎች ፈገግ ስትሉ ይታየኛል።)

ተሳስተን ስንገኝ ደግሞ እርማቱ ስህተቱ በተላለፈበት የዜና ሰዓት ይነበብ። ዋና ዜና ላይ የተሳሳትነውን ከአየር ሁኔታ ትንበያ በኋላ አንቅበረው። በመጀመሪያ የተሳሳተው ነገር ይጠራ፣ ቀጥሎ ትክክለኛው ይነገር። «ለተፈጠረው ክፍተት ይቅርታ» የሚለው አነጋገር ማን ምን እንደተሳሳተ ለማንም አይነግርም። በዚያው ቀንም የተሳሳተው ቪዲዮ ከድረ ገጹና ከማኅደሩ ይስተካከል፤ ካልሆነ ከርሞ ሌላ ዘጋቢ «የማኅደር ምስል» ብሎ መልሶ ያወጣዋል።

አመሰግናለሁ።