ከተማው ማሳው ላይ ሲደርስ፦ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ "ማሳው ቤት ቢሆንም መንገድ ዳር ዛፍ ይተከላል፣ ታዲያ ምን ቀረብን?"

መልስ፦ ዛፉ ይተከል፣ እሰየው ነው፣ ግን የሄደው አፈሩ ነው እኮ! ለም አፈር አንድ ሴንቲሜትር ለመሆን ብዙ ጊዜ ከ100 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፣ ዶዘር ግን በአንድ ጠዋት ጠርጎት ይሄዳል። አንዴ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ቢነሳ እንኳን ከስር የሚገኘው የተጠቀጠቀ፣ ውሃም አየርም የማያስገባ፣ ትል የማይኖርበት መሬት ነው። ደግሞ ብዙ ከተሞች ከጥንትም የተቆረቆሩት ወንዝ ዳርና ለም መሬት አጠገብ ስለሆነ ሲሰፉ ቀድመው የሚውጡት ምርጡን ማሳ ነው፣ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ "ከሰፈራችን በታች ያለው ረግረግ ባዶ መሬት ነው፣ ለምን አይገነባበትም?"

መልስ፦ ባዶ አይደለም እህቴ፣ ስራ ላይ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ከላይ የሚወርደውን ውሃ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዝና ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ ደለሉንም እዛው ያስቀረዋል። ሞልታችሁ ብትገነቡበት ውሃው አይጠፋም፣ በቃ ወደ ታችኛው ሰፈር ሰው ቤት ይገባል።

ጥያቄ፦ "እና ከተማ አይደግ ነው የምትሉት?"

መልስ፦ ኧረ ይደግ፣ ሰው ቤት ያስፈልገዋል። ጥያቄው በየት በኩል ይደግ ነው። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ፕላን ግንባታው የባቡር መስመር እየተከተለ እንደ እጅ ጣት ይዘረጋል፣ በጣቶቹ መሃል ደግሞ እርሻና ጫካ ይቀራል፣ ፕላኑ እስከዛሬም አቅጣጫ ይሰጣል። ለንደን ዙሪያዋን በአረንጓዴ ቀበቶ፣ ማለትም ግንባታ በተገደበበት መሬት፣ አጥራለች፣ እሱም ብዙ መሬት አትርፏል፣ ግን ግንባታው ቀበቶውን ዘሎ ከወዲያ ማዶ ይሄድና ሰዉ በየቀኑ ረጅም መንገድ ይመላለሳል፣ ስለዚህ ማጠር ብቻውን አይበቃም፣ ቤት የሚሰራበት ቦታም አብሮ መታሰብ አለበት።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፣ ገበሬው "መሬቴ ነገ ይወሰዳል" ብሎ ካሰበ ዛሬውኑ እርከን መጠገን ይተዋል፣ ፍሬው ከዓመታት በኋላ የሚደርስ ችግኝም አይተክልም፣ ማሳው ሳይወሰድ በፊት ይደክማል። ከዛ "ይሄ መሬት እኮ ምርት አይሰጥም" ይባልና ለግንባታ ይሰጣል። ስለዚህ የትኛው መሬት እርሻ ሆኖ እንደሚቀጥልና ለስንት ዓመት እንደሆነ መንገዱ ከመቀየሱ በፊት በጽሁፍ ይነገረው።