ሞተሩ ቀላሉ ነው፦ ተራ ብስክሌትን በኪት ኤሌክትሪክ ማድረግ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ተራ ብስክሌትን ኪት፣ ማለትም ሞተሩና ተጓዳኝ ዕቃዎቹ አንድ ላይ የሚሸጡበትን ጥቅል፣ ገጥሞ ኤሌክትሪክ ስለማድረግ ነው። ጉዳዩ ሲነሳ ሁሌም የሚቀድመው «ስንት ዋት ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚቀለው ሞተሩ ነው። ተጠቅልሎ፣ ተዘግቶ፣ ቸርኬው ላይ ተወጥሮ ይመጣል። ጣጣው ያለው ብስክሌቱ ላይ ነው። ለእግር ጉልበት በተሠራ ነገር ላይ ነው ሞተር የምንጭነው።

ዋት ካነሳን አይቀር፣ ኪቱ ላይ «250 ዋት» ተብሎ የሚጻፈው በአብዛኛው የአውሮፓ ሕግ ያስቀመጠው ጣሪያ እሱ ስለሆነ ነው። እዚያ ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ማገዙን ማቆም አለበት። እውነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ኮንትሮለሩ ላይ፣ ማለትም ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ በሚቆጣጠረው ሳጥን ላይ፣ የተጻፈውን አንብቡ። 36 ቮልት በ15 አምፒር ሲባዛ 540 ዋት ይሆናል። ዳገት ላይ ከባትሪው የሚሳበው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሹካው እንምጣ፤ እዚህ ትንሽ እቆያለሁ። የፊት ሞተር ለጀማሪ ቀላል ነው፤ የድሮውን ጎማ አውጥቶ የኪቱን ማስገባት ነው። በአብዛኛው ብስክሌት የፊት ሹካው ውስጣዊ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው የዘመኑ ባለ ማርሽ ከሆነ 135 ነው። ሳትለኩ አትዘዙ። የሞተሩ ዘንግ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁለት ጎኑ ተሞርዶ 10 ይሆናል። የተራ ብስክሌት የፊት ሹካ መግቢያ ግን ብዙውን ጊዜ 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሞረድ መያዝ ግድ ነው። ሁለቱንም ጎን እኩል፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ዘንጉ በእጅ ግፊት ጥብቅ ብሎ እስኪገባ ድረስ ሞርዱ። ከዚያ በላይ ከሰፋ አበላሻችሁት ማለት ነው።

ለምን ቢባል፣ ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር ዘንጉ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል። ዘንጉን የያዙት ደግሞ እነዚያ ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች ብቻ ናቸው። አነስተኛ የሚባል ሞተር እንኳ 40 ኒውተን ሜትር ያህል የማዞር ጉልበት ይሰጣል። ይህ ጉልበት ጥቂት ሚሊ ሜትር በሆነ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ብዙ መቶ ኪሎ ግፊት ይሆናል። ብረት ይችለዋል፤ አልሙኒየም ግን ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ዘንጉ ይዞራል፣ ገመዱን ጠምዝዞ ይበጥሳል፣ ጎማው ከሹካው ይወጣል። ስለዚህ ሹካው አልሙኒየም ወይም ስፕሪንግ ያለው ከሆነ የፊት ሞተር ይቅርባችሁ፤ የኋላ ግጠሙ። ሹካው ብረት ቢሆንም ቶርክ አርም የሚሉትን የብረት ክንድ አትዝለሉ። ያው ጉልበት 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ክንድ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ 40 ኪሎ ይወርዳል፤ ያንን ደህና ማሰሪያ ይችለዋል። ጥርስ ያላት ሮንዴላ ጥርሷ ሹካው መግቢያ ውስጥ መቀመጥ አለባት፤ ተገልብጣ ከገባች ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም። ከዘንጉ የሚወጣው ገመድ ደግሞ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ከዚያ ወደ ላይ ይመለስ። አለበለዚያ የክረምት ዝናብ ገመዱን ተከትሎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

ፎኒክስ ብስክሌት ያላችሁ አድማጮች እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። የድሮው ባለ ብረት ዘንግ ፍሬን ፎኒክስ ፍሬኑ የሚይዘው የቸርኬውን የውስጥ ፊት ነው፣ ወደ ላይ ስቦ። የኪቱ ቸርኬ ያ ፊት የለውም፤ የተሠራው ከጎን ለሚነክስ ፍሬን ነው። ቁጥሩም ያሳስታል። ሁለቱም «28» ይባላሉ፣ ግን የፎኒክሱ ጎማ መቀመጫ 635 ሚሊ ሜትር፣ የኪቱ 622 ነው። ጎማው አይለዋወጥም፤ ከመሃል እስከ ጠርዝ ሲለካም 6.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ። ፎኒክስ ላይ ሞተር መግጠም የሚፈልግ አስቀድሞ የጎን ፍሬን የሚታሰርበትን መላ ይፈልግ። ፍሬን የሌለው ብስክሌት ላይ ሞተር አይገጠምም፣ አለቀ።

ከኪቱ ጋር የሚመጡት የፍሬን እጀታዎች ሲጨበጡ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አላቸው። «የድሮው ይሻለኛል» ብላችሁ አትተዋቸው። የፔዳል ሴንሰሩ፣ ማለትም አብሮት በሚዞር የማግኔት ቀለበት የፔዳሉን መዞር አውቆ ሞተሩን የሚያስነሳው፣ ሞተሩን ለማጥፋት ትንሽ ይዘገያል፤ በዚያች ቅጽበት ፍሬንና ሞተር ይታገላሉ።

ዳገትን በተመለከተ ነገሩ ከተማ ከከተማ ይለያያል። አዲስ አበባ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከ2,300 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ታልፋለች። ነጂው፣ ብስክሌቱና ባትሪው ተደምረው 100 ኪሎ ቢሆኑ እያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ በስሌት 27 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም ዋት በሰዓት ተባዝቶ የሚለካ ኃይል፣ ይፈልጋል። በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ከባትሪው 38 ገደማ ይወጣል። 700 ሜትር ለመውጣት፣ እግር ካላገዘ፣ 266 ማለት ነው። 36 ቮልት 10 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ያለው ጠቅላላ፣ ሁለቱ ሲባዙ፣ 360 ዋት-ሰዓት ነው! ቁልቁለቱም አይመልስላችሁም፤ በውስጡ ጥርስ ያለው የጎማ ሞተር ወደ ታች ሲወርዱ በነፃ ይሽከረከራል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ግን በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት-ሰዓት ይበቃል፣ ያው ባትሪ ከ24 እስከ 36 ኪሎ ሜትር ይወስዳል።

የጎማ ሞተር ማርሽ አይቀይርም። ዳገት ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ኤሌክትሪኩ ጎማ ከማዞር ይልቅ ሞተሩን ያግላል፤ የናይለን ጥርሶቹም ይለሰልሳሉ። በፔዳል አግዙት፤ ካቃታችሁ ውረዱና ግፉ። ዘወትር ዳገት ለሚወጣ እኔ የምመርጠው መሃል ላይ፣ ፔዳሉ ጋ የሚገጠመውን ሞተር ነው። የብስክሌቱን ማርሽ ስለሚጠቀም ቀስ ብሎም ይወጣል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ካቴናም ቶሎ ይበላል። የፔዳሉ ቤት፣ ማለትም የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት የብስክሌቱ ቱቦ፣ ስፋትም ከ68 እስከ 73 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።

ባትሪ ስትገዙ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 18650 የሚባለው ሴል አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ምርጡ 3.5 አምፒር-ሰዓት ይይዛል። 48 ቮልት ለማግኘት 13 ሴል በተከታታይ፣ 20 አምፒር-ሰዓት ለማድረስ 6 ረድፍ ያስፈልጋል፤ 78 ሴል። ሴሉ ብቻ 3 ኪሎ ተኩል ነው። ሁለት ኪሎ የማይሞላ ባትሪ ላይ «48 ቮልት 20 አምፒር-ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ ጽሑፉ ውሸት ነው። ቻርጀሩንም አትቀላቅሉ። 36 ቮልት ሊቲየም 42 ቮልት ላይ ይሞላል፤ የ36 ቮልት ሊድ ባትሪ ቻርጀር ግን ወደ 44 ይወጣል። ባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ሰርኪዩት ቢያተርፋችሁም በእሱ ላይ አትመኩ። ቻርጅ ስታደርጉም መውጫ በሩ ሥር አይሁን።

ኪቱን ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሞተሩንና ኮንትሮለሩን ብቻ ይያዝላችሁ። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም።

የመጀመሪያው ሙከራ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ይሁን። ሞተሩ ጭራሽ ዝም ካለ የፍሬኖቹን ሶኬት ነቅላችሁ ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ፍሬን ሳይመለስ ቀርቶ ነው። ሳይዞር እየተንቀጠቀጠ የሚያጉረመርም ከሆነ ከቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገመዶች አንዱ በደንብ አልገባም ማለት ነው፤ ቶሎ አጥፉት። ፔዳል ስትመቱ የማይሠራ፣ በእጅ ጋዝ ግን የሚሠራ ከሆነ የማግኔት ቀለበቱ ተገልብጦ ይሆናል፤ ቀስቱ ፔዳሉ ወደሚዞርበት ያመልክት፣ ከሴንሰሩም ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይራቅ። ከዚያ ለጥ ያለ መንገድ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ንዱና ዳዶዎቹን፣ የቶርክ አርሙን ማሰሪያና ቸርኬውን ወጥረው የሚይዙትን የጎማውን ሽቦዎች ደግማችሁ አጥብቁ። አዲስ ቸርኬ ላይ ሽቦው መላላቱ አይቀርም።