ዎከር ማለት እግረኛ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ! ስለ እንግሊዞች የቤተሰብ ስም ተናገር ስትሉኝ ስም በስም መደርደር ይቻል ነበር። እኔ ግን አንዱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ዎከርን።

ጆኒ ዎከርን የማያውቅ የለም፤ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ የውስኪ ጠርሙሱ ላይ የሚንጎራደደው ሰውዬ። ኳስ የምትወዱ ደግሞ ካይል ዎከር አለላችሁ፣ እሱማ ሲሮጥ እንጂ ሲራመድ ማን አየው! እና ሁላችንም ዎከር ማለት ተራማጅ፣ እግረኛ ነው ብለን ዘግተነዋል። ስሙ ግን ከመንገድ ጋር ምንም አያገናኘውም። የጨርቅ ሙያ ነው።

በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ሀብት የበግ ፀጉር ነበር። ሸማኔው ሠርቶ የሚያወርደው የሱፍ ጨርቅ ግን ሳሳ ያለና ቅባታም ስለሆነ እንዲሁ አይለበስም። ገንዳ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ አንድ ሰው ባዶ እግሩን ይገባና ሲረግጠው ይውላል። በምን ይዘፈዘፋል? እራት ያልበላችሁ ይቅር በሉኝ፣ በሽንት! ከየቤቱ ፖፖ ተለቅሞ፣ ከርሞ የከረፋ ሽንት። ሲቆይ አሞኒያ ይወጣዋል፣ አሞኒያው የበጉን ቅባት ያስለቅቃል፣ ከዚያ ቅባት የሚመጥ አፈር ተጨምሮ እንደገና ይረገጣል፣ ይታጠባል፣ ፀጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ጠብቆ፣ ወፍሮ፣ ብርድ የሚመክት ይሆናል። ይህን ረጋጭ ነው ዎከር ያሉት። እንግሊዝኛው «ዎክ» በእግር መሄድ የሆነው እንኳ ኋላ ነው።

ደስ የሚለው፣ ዎከር የሚሉት በሰሜን ነው። በደቡብ ምሥራቅ ያው ሙያተኛ ፉለር ነው፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ተከር። ስለዚህ ስሙ የሰውየውን ሥራ ብቻ ሳይሆን አገሩንም ይናገር ነበር፤ ዛሬ ሰዉ ተበታትኖ ተደባልቋል።

እግሩስ? እግሩ ቶሎ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1185 በተጻፈ የቴምፕላሮች፣ የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኮሳት ወታደሮች፣ መዝገብ ላይ ጨርቅ የሚወቅጥ የውሃ ወፍጮ ተጠቅሷል፤ ውሃው መዘውሩን ያዞራል፣ መዘውሩ የእንጨት መዶሻ ያነሳል፣ ይጥላል። ስሙ ግን አልቀረም። እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው እንግሊዛዊ ስሙን ለልጁ ማውረስ ለምዶ ነበርና፣ ገንዳ አጠገብ ደርሶ የማያውቀው ዳቦ ጋጋሪም ዎከር ተባለ።

የጠርሙሱም ነገር እንዲሁ ነው። ጆን ዎከር በ1820 ስኮትላንድ፣ ኪልማርኖክ ውስጥ ሱቅ የከፈተ ባለ ሸቀጥ ነበር። ተራማጁን ሰውዬ ቶም ብራውን የሚባል ሠዓሊ የሣለው በ1908 ነው፣ ጆን ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ። በስሙ የተቀለደ ማስታወቂያ ነው እንግዲህ፣ እኛም አመንነው።

እኛ ውጭ አገር የምንኖረውም አሁን እዚያው ላይ ነን። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲለን የአባታችንን እንሞላለን፣ ልጃችን ሲወለድ ያንኑ ይይዛል፣ አያቱ ሳያስቡት የዘር ሁሉ ስም ሆነው ቁጭ! በሉ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ የስሚዝን ሌላ ቀን።