ቀጭን ክር የማይስማማት ጊታር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ጋቢ ደርቤ ነው የምቀዳው። ዛሬ የማወራው ስለ ጊታር ክር ነው። በተለይ ስለ አሮጌ አርችቶፕ ጊታር፣ ያ ሆዱ እንደ ቫዮሊን ጎበጥ ያለው፣ ግራና ቀኝ የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ ያለው።

የእኔዋ ሙዚማ ናት። ምሥራቅ ጀርመን፣ ማርክኖይኪርኸን የሚባል ከተማ የተሠራች። አዎ፣ የኢፋ መኪና አገር። አንገቷ መጨረሻ ላይ ትንሽ ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ለአምፕሊፋየር የሚያቀብል ማግኔት፣ አላት።

ያያት ሁሉ የሚሰጠኝ ምክር አንድ ነው። «ቀጭን ክር ግጠምባት፣ ጣትህም ያርፋል።» ምክሩ ለሌላ ጊታር ጥሩ ነው። ለዚች ግን አይሠራም፣ ለምን እንደማይሠራ ልንገራችሁ።

ተራው አኩስቲክ ጊታር ላይ ብሪጁ፣ ክሩ የሚያርፍበት እንጨት፣ በሙጫ ተጣብቋል፣ ክሩም እዚያው ይታሰራል። አርችቶፕ ላይ ብሪጁ ምንም አልያዘውም። ዝም ብሎ ሆዷ ላይ ተቀምጧል። ክሩ በላዩ አልፎ ከታች ጫፍ ላይ ካለው ብረት፣ ቴልፒስ ከሚሉት፣ ጋር ይታሰራል። ብሪጁን ቦታው ላይ የሚያቆየው የክሩ ጫና ብቻ ነው፣ እንጨቱንም ወደ ታች ተጭኖ የሚያናግረው ያው ጫና ነው። ቀጭን ክር ስትገጥሙ ጫናው ይቀንሳል፣ ድምፁም አብሮ ይሳሳል።

አርችቶፕ ሲጀመርም የተሠራው ለጩኸት ነው። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ጊብሰን ኤል 5 የተባለውን አርችቶፕ በ1922 ሲያወጣ አምፕሊፋየር ገና አልተለመደም፣ ጊታሪስቱ ደግሞ ከመለከትና ከሳክስፎን መሀል ተቀምጦ መሰማት ነበረበት። ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን ከካውንት ቤዚ የጃዝ ባንድ ጋር ከ1937 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሲጫወት በወፍራም ክር ነው፣ ክሩንም ከጊታሩ አንገት በጣም አርቆ። ያለ አምፕሊፋየር! የእኛን የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ነፋሾች አስቡና እዚያ መሀል 9 የሚባለውን ቀጭን ክር ገጥማችሁ ተቀመጡ እስቲ።

ለማያውቅ፦ 12 ሲባል የቀጭኑ ክር ውፍረት ነው፣ 0.012 ኢንች፣ በእኛ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ። እኔ የገጠምኩት ከ12 እስከ 52 ነው። ስድስቱ ተደምረው ከ60 ኪሎ በላይ ይጎትታሉ። ታዲያ ለምን 13 አላደረግኩም? የእኔዋ አንገት ውስጥ የሚጠብቅና የሚላላ ብረት፣ ትራስ ሮድ፣ የለም። አንገቷ አንዴ ከጎበጠ በቁልፍ አይመለስም። ስለዚህ 12 ላይ ቆምኩ። ይህ የግል ፍርዴ ነው፣ ጠንካራ አንገት ያለው 13 ይግጠም።

ዓይነቱስ? ሱቅ ስትገቡ በብዛት የሚሰጧችሁ ነሐስ የተጠመጠመበት የአኩስቲክ ክር ነው። ፒክአፕ ለሌለው ጊታር ደማቅ ነው፣ ግጠሙት። ፒክአፕ ካለ ግን ችግር አለ፣ ፒክአፑ ማግኔት ነው፣ ማግኔት ደግሞ ነሐስ አይሰማም፣ ውስጡን ያለውን ቀጭን ብረት ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ይጮሃሉ፣ አራቱ ወፍራሞች ይተኛሉ። ጠፍጣፋ ክር፣ ፍላትዋውንድ የሚሉት፣ የጃዝ ሰዎች ፍቅር ነው። ጣት ሲንሸራተት ሲጥ አይልም፣ ኮርዱ ወፍራምና ለስላሳ ነው። ለእኔ ግን ትዝታ ስጫወትበት ድምፁ አፉን በነጠላ የሸፈነ ሰው ይሆንብኛል። ስለዚህ ኒኬል፣ ክብ ጥምጥም። ለፒክአፑም ይስማማል፣ ያለ ፒክአፕም ድምፅ አለው።

አሁን ብዙ ሰው የማያየው ነገር። ሦስተኛዋ ክር፣ ጂ። በቀጫጭን ስብስብ ውስጥ ያለ ጥምጥም፣ ራቁቷን ነው የምትመጣው። የአሮጌ አርችቶፕ ብሪጅ ግን አናቱ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቀረጸው ጥምጥም ላላት ሦስተኛ ክር ነው። ራቁቷን ስትገጥሟት ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ከቅኝት ይወጣል። ትዝታ ላይ ብዙም ላይታወቃችሁ ይችላል። አንቺሆዬ ላይ ግን እነዚያ የተቀራረቡ ግማሽ ድምፆች ወዲያው ያጋልጧችኋል። ሰው «ጊታሩ አርጅቷል» ይላል፣ ጥፋቱ የክሩ ነው።

ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ። ሁሉንም ከፈታችሁ ብሪጁ ይወድቃል፣ ቦታውም ይጠፋል። ቀድማችሁ ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ 12ኛው ፍሬት፣ አንገቷ ላይ ከተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው፣ ላይ ክሩን ነካ አድርጋችሁ የምታወጡትን የደወል ድምፅና ተጭናችሁ የምታወጡትን አስተያዩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ብሪጁን ወደ ቴልፒስ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገት፣ በጥቂቱ። የብሪጁ እግር ሆዷ ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጡንም እዩ። ወረቀት ከስሩ የሚገባ ከሆነ ድምፁ እዚያ ይጠፋል። መፍትሔው ብርጭቆ ወረቀት ሆዷ ላይ፣ ሸካራው ወደ ላይ፣ አንጥፎ የብሪጁን እግር ቀስ እያሉ መሞረድ ነው። ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ከማንኛውም ውድ ክር የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

የክሩን ከፍታ በብሪጁ ላይ ባሉት ሁለት ክብ ብረቶች ነው የምታስተካክሉት፣ መጀመሪያ ክሩን አላልታችሁ። እኔ 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙን ከ2 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ አድርጌ ነው የምተወው። ዝቅ ሲል ክሩ ፍሬቱን እየነካ ዝዝ ይላል፣ ይንዛዛል። በገና ላይ ያ መንዛዛት ይፈለጋል፣ እንዲያውም ለእሱ ሲባል ከእያንዳንዱ ክር ስር ቁራጭ ቆዳ ይገባል፣ እንዚራ። ጊታር ላይ ግን ማንም አያመሰግናችሁም።

እዚህ አገር ደግሞ የአየሩ ነገር አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በክረምት እርጥበቱ እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ ሆዷ ከፍ ይላል፣ ክሩም አብሮ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ከነድርቀቱ ሲመጣ እንጨቱ ይሸሻል፣ ክሩ ይወርዳል፣ መንዛዛት ይጀምራል። ስለዚህ አንዴ አስተካክሎ መርሳት የለም፣ ወቅት ሲቀየር ብሪጁን ትንሽ ማንሳት ወይም ማውረድ ነው። በበጋ ሳጥኗ ውስጥ የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር አስቀምጣለሁ፣ በደንብ የተጨመቀ፣ የማይንጠባጠብ። ምድጃ አጠገብ ግን በፍጹም አታስጠጓት፣ ብርድ ቢሆንም።

ጠፍጣፋ ክር የምትወዱ ተናዳችሁ እንደሆነ ጻፉልኝ፣ ክርክሩን በሚቀጥለው እናነሳዋለን። በሉ ቻው።