መያዝ ሌላ፣ ማሰር ሌላ

የቀን ተረኛ ዘበኞች እንደምን ዋላችሁ፤ የሌሊቶቹ እንደምን አደራችሁ። ገሚሶቻችሁ ከአዳር በቀጥታ እንደመጣችሁ ጋቢያችሁ ይመሰክራል። ስለዚህ አላረዝምም።

እኔም እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነበርኩ። አንድ ምሽት አንድ ልጅ ከግቢው ሲወጣ ከጃኬቱ ሥር ጥቅል የኤሌክትሪክ ገመድ ዱብ አለ። ያዝኩት። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። አለቃዬ ጋ ስደውል «ጠዋት እመጣለሁ፣ እዚያው አቆየው» አለኝ። ዕቃ ቤት ቆለፍኩበት። የጥርን ብርድ ታውቁታላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ በሩን እያንኳኳ «ጋሼ፣ ውሃ» ይለኝ ነበር።

ጠዋት ፖሊስ መጣ። መጀመሪያ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። «አለቃዬ ነው ያዘዘኝ» አልኩ። አላዳነኝም።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ምን ይላል? ወንጀሉ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ይችላል። ማንም ሰው ነው ያለው። ሊስትሮውም፣ ባለባጃጁም። ዩኒፎርማችን እዚያ ውስጥ የለም። የያዘ ሰው ደግሞ ሳይዘገይ ቅርብ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። «48 ሰዓት አለን» የሚል ዘበኛ ሰምቻለሁ። እሱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ያለ ነው፤ ፖሊስ የያዘውን ሰው ፍርድ ቤት የሚያቀርብበት ጊዜ ነው። እኛን አይመለከትም። ያለ ሕግ ሰው መቆለፍን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 585 ወንጀል ይለዋል። እኔ ያደረግኩት እሱን ነው።

ፍተሻን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰውን አካልና ንብረት ይጠብቃል። እንግዳው ቦርሳዬን አልከፍትም ካለ «እንግዲያው አይገቡም» በሉት። በትህትና። በሩን ባለቤቱ አደራ ሰጥቷችኋል፤ ቦርሳው ግን የእሱ ነው። በጉልበት አትክፈቱ። ሴትን ሴት ትፈትሽ፤ ይሄን መናገርም አልነበረብኝም።

ዱላ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ራስንም ሌላውንም መከላከል ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ ምላሹም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ሌባው ዕቃውን ጥሎ ወድቋል እንበል። የመጀመሪያዋ ምት ምናልባት ታከራክር ይሆናል። ሁለተኛዋ ንዴት ናት። ንዴት ደግሞ መከላከል አይባልም። ጠመንጃ የተሰጣችሁ ደግሞ ፈቃዱን ጠይቃችሁ እዩ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። «የድርጅቱ ነው» ማለት ብቻውን ወረቀት አይሆንም።

አንድ ነገር ዛሬ ማታውኑ አድርጉልኝ። የጣቢያውን ስልክ ቁጥር የዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፉት። ሰው ስትይዙ ሰዓቱን፣ ምን ሲያደርግ እንዳያችሁት፣ ፖሊስ ጋ የደወላችሁበትን ደቂቃ መዝገብ ላይ አስፍሩ። የእኔን መዝገብ ፖሊሱ ሲገልጠው ከምሽቱ 3 ሰዓት ወዲህ ያለው ገጽ ባዶ ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ሻዩ ጋ ነኝ። አመሰግናለሁ።