መጀመሪያ የራሳችሁን ፎቶ እዩ

እንደምን አመሻችሁ።

ለፎቶግራፍ ተመራቂዎቹ አንድ ነገር በል ሲሉኝ ስለ ሌንስ ነው የማወራው አልኩ። አንድ ልጅ በተመረቀ በሳምንቱ የሚደውልልኝ ለዚህ ነውና። «ጋሼ፣ ምን ሌንስ ልግዛ?» ይለኛል። እኔም «እስካሁን ምን አመለጠህ?» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

የመጀመሪያ ካሜራዬ ካነን ነበር፣ ክሮፕ ሴንሰር ያለው፤ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል አነስ ያለ ማለት ነው። አብሮት 18-55 ኪት ሌንስ መጣ፣ ከካሜራው ጋር የሚሸጠው፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄድ። ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ይሄን ጣልና 50 ግዛ» አለኝ። ገዛሁ። 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ይከፍታል፣ ብርሃን ይበዛል። ከዚያ ላሊበላ ሄድኩ።

ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ነው። በጠባቡ መተላለፊያ ወርጄ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ካሜራውን ዓይኔ ላይ ሳደርግ የሚታየኝ ግድግዳ ብቻ። ወደ ኋላ አልኩ። አሁንም ግድግዳ። ደግሜ ስል ጀርባዬ ድንጋዩን ነካ፤ አለቀ። በካነን ክሮፕ ላይ 50ው እንደ 80 ነው የሚያየው፣ በ1.6 ይባዛል። ያን ቀን ያዳነኝ ያ የተናቀው ኪት ሌንስ ነው፣ 18 ላይ።

ወደ ውስጥ ስገባ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ጨለማ ነው። መስቀል የያዙ አባት አስፈቅጄ በኪት ሌንሱ ባነሳ ብዥ አለ። እሱ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፍትም። በኤፍ 1.8 ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይገባል። ወደ 50ው ቀየርኩ፣ ፊታቸው ጥርት ብሎ ወጣ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ። የመጨረሻ 500 ፎቷችሁን እዩ። ፋይሉ ላይ በስንት ሚሊሜትር እንዳነሳችሁ ተጽፏል። አብዛኛው 18 ላይ ከሆነ የጠበባችሁ ቦታ ነው፤ ሰፊ ፈልጉ። 55 ላይ ከተደረደረ ረጅም ነው ያጠራችሁ። ማታ ማታ ያነሳችሁት ሁሉ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ብርሃን የሚያስገባ ግዙ፤ ዙሙ ይቆይ።

እኔ ዛሬ ሠርግ የምሠራው በሦስት ሌንስ ነው፣ በፉል ፍሬም፣ ሴንሰሩ ትልቅ በሆነው፣ በ1.6 ማባዛት በሌለበት ካሜራ። 35ቱ ሙሽሪት ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፤ አክስቶች፣ ሶፋ፣ ቄጠማ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል። 50ው የሰው ፊት ለማንሳት። 70-200 ኤፍ 2.8 ደግሞ ሚዜዎቹ አልፌ እንዳልሄድ ሲከለክሉኝ። ይሄኛው አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ ማታ ትከሻዬን ጠይቁት። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳም የምይዘው እሱን ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ሰው ስለማይሸሽ 200ው ተርፎ ይበቃል። ወፍ ከሆነ ያማራችሁ 400 እና ከዚያ በላይ ነው፤ እዛ ሰፈር እኔ የለሁበትም።

ብር ካጠረ ያገለገለ ግዙ። ግን እንደኔ አትቸኩሉ። አንዱን «አዲስ ነው በለው» ተብዬ ገዛሁ። ሙሽሪት መስኮት ጋ ስትቆም ጉም የወረደባት መሰለች። ለካ ውስጡ ፈንገስ ነበር። የስልካችሁን መብራት ከኋላ አብሩና ከፊት በኩል መስታወቱን እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካያችሁ መልሱለት። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁም አንሱ፤ የፎቶው ማዕዘኖች ላይ ያለው ፊደል ይነበባል ወይ?

ሦስቱን ሌንሶች በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ካነን የያዛችሁ ግጠሙና ሞክሩ፤ ካሜራው መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ለሆነ ደግሞ ሌንሱን የሚያገናኘው አስማሚም አለ። 35ቱን ስትጨርሱ ክዳኑን መልሱልኝ፣ ባለፈው አንድ ጠፍቶብኛል።

አመሰግናለሁ።