ጥሪው ሲመጣ ሱቁን ማን ይከፍታል?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለአሜሪካ የትርፍ ጊዜ ወታደሮች፣ ማለትም ለናሽናል ጋርድና ለሪዘርቭ አባላት፣ እንዲሁም ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ በጋርድና በሪዘርቭ የምታገለግሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እነርሱ በሌሉበት ቅዳሜና እሑድ ሱቁን ከፍታችሁ የምትውሉ ባለቤቶች፣ ልጆችና ዘመዶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

እንድናገር የተጋበዝኩት ሁለቱንም ኑሮ ስለምኖረው ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ዩኒፎርም ለብሼ ድሪል ወደምንለው ወታደራዊ ልምምድ እሄዳለሁ፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር እንጀራ ጋግረን ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች እናከፋፍላለን። ስለ ውትድርና ክብር ወይም ስለ ንግድ ጥቅም በጥቅሉ ልናገር አላሰብኩም። የማነሣው አንድ ጉዳይ ነው፦ የእኛ ንግድ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥና በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ነው፤ ያ ሰው ወታደር ከሆነ ደግሞ በማያስበው ሳምንት ሊጠራ ይችላል። ስለዚህ ዕውቀቱንም ፊርማውንም ጥሪው ሳይመጣ ለቤተሰብ ማስረከብ የአገልግሎታችን አንዱ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስንመለመል ሁላችንም የሰማነው ቃል አለ፦ «በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት።» ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮ ለሚውል ሰው ይህ የዕረፍት ቀኑን መስጠት ነው። ለእኛ ግን ቅዳሜና እሑድ ገበያ ነው። ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ እንጀራውን የሚገዛው፣ ማኅበሩ፣ ክርስትናው፣ ሠርጉና ተዝካሩ የሚደገሰው በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። ዓርብ ሌሊት የሚጋገረው ሊጥ የሚቦካው ደግሞ ማክሰኞና ረቡዕ በመሆኑ፣ ድሪል በወረቀት ላይ ሁለት ቀን ቢሆንም በሥራ ላይ ግን ሳምንቱን በሙሉ ይነካል። የዓመቱ ሁለት ሳምንት ሥልጠናም ብዙ ጊዜ ሰመር ላይ ስለሚውል የሚያርፈው በሠርግ ወራት ላይ ነው።

በዓላቱንም ተመልከቱ። በ2024 የምዕራቡ ፋሲካ ማርች 31 ሲውል የእኛ ሜይ 5 ዋለ። የጦር ክፍላችን የመጀመሪያውን በካላንደሩ ላይ ያየዋል፤ ሁለተኛውን ግን እኛ ካልነገርነው አያውቀውም። የጋርድ የሥልጠና ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 አካባቢ፣ ማለትም አዲሱን ዓመት በተቀበልን በሦስተኛው ሳምንት ላይ ይውላል። የዓመቱ የድሪል ፕሮግራም እንደደረሳችሁ ከበዓላትና ከአጽዋማት ካላንደራችን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ከቤተሰብ ጋር ተመልከቱት። ፋሲካ ላይ ወይም የተቀበላችሁት ትልቅ ድግስ ላይ የሚያርፍ ድሪል ካለ፣ በሌላ ቀን ለማካካስ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ፈቃዱ የአዛዡ ነው፤ ከወራት በፊት የቀረበ ጥያቄና በዋዜማው የቀረበ ልመና ግን በአዛዡ ዘንድ እኩል አይታዩም።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልናገር። የአንድ ድሪል ቅዳሜና እሑድ እንደ አራት የሥልጠና ክፍለ ጊዜ ስለሚቆጠር የሚከፈለው የአራት ቀን መነሻ ደመወዝ ነው። በእኔ እምነት ይህ ገንዘብ የቤት ገቢ ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ እኔ በሌለሁበት ለሚተካኝ ሠራተኛ መከፈል አለበት። ከባለቤታችን ጉልበት በነጻ የምንወስደው ቅዳሜና እሑድ ውሎ አድሮ ትዳርንም ንግድንም ያደክማል። በሌላ በኩል ትራይኬር ሪዘርቭ ሴሌክት የሚባለው የጋርድና የሪዘርቭ አባላት የጤና መድን ለአንድ ሰው በወር ከ60 ዶላር በታች ሆኖ መቆየቱ፣ መድኑን ከገዛ ኪሱ ለሚከፍል ባለሱቅ ቀላል ጥቅም አይደለም። ይህን እያወቁ ያልተመዘገቡ ወንድሞች አሉና ዛሬውኑ አጣሩ።

አሁን ብዙዎቻችን በደንብ ወደማናውቀው ወደ ሕጉ ልግባ። በ1994 የወጣው፣ ዩሴራ እያልን የምንጠራው ሕግ፣ ለግዳጅ የሄደ ተቀጣሪ በአጠቃላይ ድምሩ እስከ አምስት ዓመት ለሚደርስ አገልግሎት ወደ ሥራው የመመለስ መብት ይሰጠዋል። ሕጉ የአሠሪውን ትልቅነትና ትንሽነት አይለይም፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ ያለው ሱቅም ይገደዳል። እንግዲህ ከእናንተ ዘንድ ተቀጥሮ የሚሠራ የጋርድ ልጅ ካለ፣ አሠሪዎች ለእኛ እንዲያደርጉልን የምንፈልገውን ያህል እኛም ለእርሱ ማድረግ ግዴታችን ነው። ለንግዱ ባለቤት ግን ይህ ሕግ ብዙም አይጠቅምም። ለተቀጣሪው ወንበሩን የሚጠብቅለት ሕግ አለ፤ ደንበኛን ወደ ሱቃችን ተመለስ ብሎ የሚያዝ ሕግ ግን የለም።

ለንግዱ ባለቤት የሚጠቅመው ሌላ ነው። በ2003 ተሻሽሎ የወጣው የወታደሮች የፍትሐ ብሔር ከለላ ሕግ፣ ከጥሪው በፊት በገባንበት ብድር ላይ ወለዱ በአገልግሎት ዘመናችን ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ያደርጋል፤ ነገር ግን በራሱ አይመጣም፤ አገልግሎቱ ካበቃ በ180 ቀናት ውስጥ ለአበዳሪው በጽሑፍ ማሳወቅና የኦርደሩን፣ ማለትም የጥሪ ትእዛዙን፣ ቅጂ ማያያዝ ያስፈልጋል። ከጥሪው በፊት የተፈረመን የኪራይ ውል፣ የመኖሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የንግድ ቤትም ቢሆን፣ በሕጉ መሠረት ማቋረጥ ይቻላል። ውሉ በኩባንያው ስም ከሆነ ግን ነገሩ ስለሚወሳሰብ ጠበቃ አማክሩ። ንግዱ ላለበት ዕዳ በግላችሁ ተጠያቂ ብትሆኑም እንኳ፣ በአገልግሎት ላይ ሳላችሁ ከንግዱ ውጭ ያለው የግል ንብረታችሁ ለዚያ ዕዳ እንዳይወሰድ ሕጉ ይከለክላል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ ቤተሰብ ባለማወቁ ሌሊቱን በጭንቀት ያድራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦርደራችሁ ሲደርሳችሁ ከቀኑና ከቦታው አስቀድማችሁ በየትኛው ሕግ እንደተጠራችሁ አንብቡ። ታይትል 10 በሚባለው የሕግ ክፍል የተደረገ የፌዴራል ጥሪ ከሆነ ከለላው ሙሉ ነው። በስቴቱ ገዥ ሥር ሆነን በፌዴራል ገንዘብ በምናገለግልበት በታይትል 32 ከሆነ ግን ፕሬዚዳንቱ ላወጁት ብሔራዊ አደጋ የተደረገና ከ30 ተከታታይ ቀናት የሚበልጥ መሆን አለበት። የስቴቱ ገዥ ለጎርፍ ወይም ለበረዶ ሲጠሩን የፌዴራሉ ከለላ ሳይኖር የስቴቱን ሕግ መመልከት የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። ዩኒፎርሙ አንድ ነው፤ ወረቀቱ ግን የተለያየ ነው።

የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ደግሞ ለንግዱ አስፈላጊ የሆነ ሰው፣ ባለቤቱም ጭምር፣ ለአገልግሎት ሲጠራ የሚሰጠው ብድር አለው። ጣሪያው 2 ሚሊዮን ዶላር፣ ወለዱ 4 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ እስከ 30 ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ ጥሪው እንደሚመጣ ከተነገራችሁበት ቀን ጀምሮ ከአገልግሎት ከተሰናበታችሁ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ማመልከት ትችላላችሁ። የቀረ ትርፍን ለማካካስ ወይም ንግድን ለማስፋፋት አይሰጥም። ኪራዩን፣ ደመወዙንና መብራቱን ከፍሎ በሩ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የታሰበ ነው። ብድር ምንጊዜም ብድር ነውና ያለ ልክ እንድትወስዱት አልመክርም፤ ነገር ግን ሱቁን በኪሳራ ከመሸጥ በፊት ሊታሰብ የሚገባው በር ነው።

ይህ ሁሉ ሕግና ብድር ግን ማመልከቻውን የሚፈርም ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም። ቨርጂኒያ ውስጥ የማውቀው አንድ ቤተሰብ አለ። ባል ሪዘርቭ ነው፣ ሚስት ለዓመታት ከካዝናው ጀርባ ቆማ ሱቁን ያቆመች ሴት ናት። እርሱ ለዲፕሎይመንት፣ ማለትም ለረጅም ግዳጅ፣ ሲሄድ ሁሉ ነገር በእጇ ነው ብለን አሰብን። በሁለተኛው ወር የሱቁ ኪራይ ውል የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ፤ አከራዩ ከፈራሚው ሌላ ሰው አላነጋግርም አለ። አከፋፋዩም ሂሳቡ በባልየው ስም ስለሆነ የዱቤ ዕቃ አልሰጥም አላት። ባንክ ሄዳ የሱቁን ቀሪ ሂሳብ ስትጠይቅ ስሟ እንደሌለበት ተነገራት። ያች ሴት የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ ታውቃለች፤ በወረቀት ላይ ግን ለሱቁ ባዕድ ነበረች። በሰዓት ልዩነትና በተቆራረጠ የስልክ መስመር ነገሩን እስኪያስተካክሉ ድረስ የደረሰባትን ድካም አይቻለሁና፣ በእኛ መካከል ይህ እንዳይደገም ከልቤ እለምናለሁ።

ለምን እንዲህ እንደምንሆን አስቤበታለሁ። ወላጆቻችን ስለ ውትድርና የሚያውቁት ሌላ ታሪክ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ አፈሳ ሲመጣ ልጆቻቸውን ጣሪያ ላይና ጎተራ ውስጥ የደበቁ እናቶች ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። እዚህ አገር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወታደር የሚኮነው በፈቃድ ብቻ ነው፤ ቢሆንም እናት የልጇን ዩኒፎርም ስታይ የምታስታውሰው የዚያን ዘመን ነው። እኛም እንዳናስጨንቃቸው ብለን የውላችንን ዝርዝር አንነግራቸውም። «የሁለት ቀን ሥልጠና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ዝምታው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ውጤቱ ግን ቤተሰቡ ያልተዘጋጀበት ጥሪ ነው። በጃንዋሪ 2021 ወደ 25,000 የሚጠጉ የጋርድ ወታደሮች ወደ ዋሽንግተን ሲጠሩ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ሻንጣ ለማዘጋጀት እንኳ የነበረን ጊዜ በጣም አጭር ነበር። እናቶቻችን እውነቱን የመሸከም አቅም አላቸው፤ ከዚህ የከበደም ተሸክመዋል። ንገሯቸው።

ወደ እኛ ቤት ልውሰዳችሁ። ከማቡኪያው ማሽን ጎን አንድ ደብተር በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያዎቹን ገጾች የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ በጥር ብርድ ሊጡ ቶሎ ስለማይቦካ ውኃው ምን ያህል ለብ ማለት እንዳለበት፣ ስንት ጆግ እርሾ እንደሚገባ፣ ያቀረረው ውኃ መቼ እንደሚደፋ፣ አብሲት ከተጣለ በኋላ ሊጡ ኩፍ ለማለት የሚፈጅበት ጊዜ። እነዚህ ሁሉ በእጄና በአፍንጫዬ የማውቃቸው ስለነበሩ በቃል ለመግለጽ እንኳ ተቸግሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ግን የባለቤቴ ናቸው። ድሪል ላይ በሆንኩ ቁጥር ስልኬ አጠገቤ አይሆንም፤ ቢሆን እንኳ ለሥራ ጉዳይ እንዳይደውልልኝ ተስማምተናል። ሊጠይቀኝ የፈለገውን ሁሉ ይጽፈዋል። የምጣዶቹ መብራት ሲጠፋ የትኛው ብሬከር ነው የሚነሣው? ጤፍ የሚያመጣው ሰው ቼክ ሲጠይቅ ቼኩ የት ነው? የምግብ ቤቱ ባለቤት የሰጠነውን ዋጋ ቀንስልኝ ሲል እስከ ስንት እንወርዳለን? ሰኞ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብለን መልሱን አብረን እንጽፋለን፤ ፊርማ የሚጠይቀውን ደግሞ በዚያው ሳምንት ባንክ ወይም ጽሕፈት ቤት ሄደን ስሙን እናስገባለን።

በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ድሪል የረጅሙ ጥሪ ልምምድ ይሆናል። የጦር ክፍላችን በየወሩ የሚያሠለጥነን ለአንድ ያልታወቀ ቀን ነው፤ ቤታችንም በዚያው ቅዳሜና እሑድ ለዚያው ቀን ቢሠለጥን ሁለቱ የሚጋጩ መሆናቸው በእጅጉ ይቀንሳል። አሁን በደብተሩ ላይ የሚጨመሩት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ባለቤቴ እኔ ሳልኖር አንድ አዲስ ደንበኛ አምጥቶ፣ ዋጋውንም ራሱ ተደራድሮ ጠበቀኝ፤ በዚያ ዕለት የተሰማኝን ኩራት ማዕረግ ሲጨመርልኝ እንኳ አልተሰማኝም።

ከመቀመጤ በፊት የዛሬውን ሥራ ልንገራችሁ። በስተኋላ ባሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ፊርማን የሚያረጋግጡ ኖተሪዎች ተቀምጠዋል። የሜሪላንድ ነዋሪዎች ለውክልና ከኖተሪው ፊርማ በተጨማሪ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጓችኋል፤ ኖተሪው ራሱ አንዱ መሆን ስለሚችል ከጎናችሁ የተቀመጠውን አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ወደ ግዳጅ ስትሄዱ የጦሩ የሕግ ክፍል ውክልናና ኑዛዜ በነጻ ያዘጋጅላችኋል፤ የንግድ ጉዳይ ግን በአብዛኛው ስለማይዝ እርሱን አትጠብቁ። በውክልናው ላይ የባንክ ሂሳቡን፣ የኪራይ ውሉን፣ ግብሩንና የአከፋፋዮቹን ውል በስም ጥቀሱ፤ ብዙ ባንኮች የራሳቸውን ቅጽ ስለሚፈልጉ ሰኞ ባለቤታችሁን ይዛችሁ ባንክ ግቡ። መታወቂያ ያልያዘ ካለ ኖተሪዎቹ እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያሉና ከቤት አምጥቶ ይመለስ። አመሰግናለሁ።